ለጥር ግልቢያ ከጥቅምት ስለሚጀመር ዝግጅት

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ «አርባ ዓመት ሞልቶኛል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ፈረስ ገዝቻለሁ፤ ጥር ላይ ጎንደር ውስጥ ለመጋለብ ከአሁኑ ፈረሱን ምን ልመግበው?» ብለው ጠይቀዋል። ከእኔ በፊት የመለሱት አባላት ስለ ገብሱና ስለ ባቄላው መጠን በሚገባ ስለ ጻፉ እርሱን አልደግመውም። እኔ የምጽፍልዎ እርስዎ ስላልጠየቁት ጉዳይ፣ ማለትም ስለ ራስዎ ጭንና ወገብ ነው፤ ምክንያቱም በ2010 ዓ.ም. እኔም እንደ እርስዎ ስለ ፈረሱ ቀለብ ብቻ ስጨነቅ ከርሜ፣ የስንፍናዬን ዋጋ በጀርባው የከፈለው ፈረሴ ነበር።

አንደኛ፣ ክብደትዎን ይመዘኑ። የደጋው ፈረሳችን ብርቱ ቢሆንም ትንሽ ነው፤ አብዛኛው 300 ኪሎ አይሞላም። ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ የክብደቱን አንድ አምስተኛ ገደማ ቢሸከም መልካም ነው ይባላል፤ በዚህ ስሌት 280 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ልኩ 56 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። እኔ ያን ጊዜ ያለ ኮርቻው 86 ኪሎ ነበርሁ። ዛሬ 70 ነኝ፤ ይህም ከልኩ በላይ ስለሆነ ሽምጥ፣ ማለትም በሙሉ ፍጥነት፣ የምጋልበው ለአጭር ርቀት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ጭንዎን ከፈረሱ ጋር እኩል ያሠልጥኑ። እኔ ይህን አላደረግሁም። ዳማውን ፈረሴን ከዳባት ገበያ ገዝቼ ካመጣሁት በኋላ ጠዋት ጠዋት የሚያንሸራሽረው አንድ ልጅ ነበር፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ እውላለሁ። በወጣትነቴ በደንብ እጋልብ ስለ ነበር ሰውነቴ የማይረሳው መስሎኝ፣ ልምምድ የጀመርሁት የገና በዓል ካለፈ በኋላ፣ ለጥምቀት አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። በእርምጃ ደህና ነበርሁ። ሶምሶማ በሚባለው ዝግ ያለ ሩጫ ላይ ግን የፈረሱ ጀርባ በየእርምጃው ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ጋላቢው በጭኑ፣ በጉልበቱና በቁርጭምጭሚቱ ያን ንረት ካልተቀበለ በቀር እንደ ጆንያ በኮርቻው ላይ እየተነሣ ይወድቃል። በሦስተኛው ቀን ጭኔ አልታዘዝ አለኝ። ሰውነቴ ወደ ኋላ ሲያጋድል ኮርቻውም አብሮ ወደ ኋላ ይሸሽ ጀመር፤ እኔም ጥፋቱ የኮርቻው መስሎኝ የሆድ ማሰሪያውን ጠፍር ይበልጥ አጠብቅሁት፣ ከሥሩም የታጠፈ የናይለን ብርድ ልብስ ጨመርሁበት። ናይለኑ ላብ አይመጥም፤ እጥፋቱም ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይጠራቀማል።

ጥር 7 ቀን ኮርቻውን ሳወርድ፣ ጋማው በሚያበቃበት ጉብታ ግራና ቀኝ መዳፍ የሚያህል እብጠት አየሁ። እጄን ሳሳርፍበት ዳማው ቆዳው እየተንቀጠቀጠ ፈቀቅ አለ። ያን ቀን በዓሉን ለሌሎች ትቼ እርሱን ማሳረፍ ነበረብኝ። ለዘመድ ለወዳጅ እጋልባለሁ ብዬ ስለ ተናገርሁ ግን ሐፍረት ያዘኝ፤ ጥጥ ደልድዬ፣ ግላሱን፣ የጌጥ ልብሱን አልብሼ፣ ጥር 11ም ጥር 12ም ጋለብሁት። ሕዝቡ የሚያየው ግላሱን ነበርና ሁሉም አደነቀኝ። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ፈነዳ፤ ፈረሴ ጀርባው የቆሰለ ገጣባ ሆነ።

ከዚያ የሆነውን ስጽፈው ዛሬም ያመኛል። ወደ አንድ የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ስሄድ፣ ተረኛው ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሣ «ይህ የሚያርስ በሬ አይደለም፤ ለጨዋታ ያመጡትን በራስዎ ወጪ ያሳክሙ» አለኝ። አልከፍልም አላልሁም፤ የለመንሁት አንድ ባለሙያ እንዲያይልኝ ብቻ ነበር። የቀበሌ ደብዳቤ አምጣ ብሎ መለሰኝ፤ ደብዳቤውን ሳመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልሁ፤ በሦስተኛው ቀን ስመለስ ቁስሉ ዝንብ ወርሶት ነበር። በፋሲል ጥምቀተ ባሕር አጠገብ የንጉሥ ፈረስ የዞብል መቃብር ነው የሚባል ሕንጻ በቆመበት ከተማ፣ ዐፄ ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ» እያለ በፈረስ ስሙ በሚጠራ ሕዝብ መካከል፣ ፈረስ የጨዋታ ዕቃ ተብሎ ሲናቅ መስማቴ ከገንዘቡ ይልቅ አንገብግቦኛል። በመጨረሻ አንድ የግል ሐኪም ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ አጥቦ አዳነልኝ። ከ6,000 ብር በላይ ወጣብኝ፤ ዳማው ለአምስት ወራት ኮርቻ አልተጫነበትም። ስለዚህ ፈረስ የሚያውቅ ሐኪም አሁኑኑ፣ ፈረስዎ ደህና ሳለ ይፈልጉ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውንም ከወዲሁ ይጠይቁት፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ጥቃቅን ተናካሽ ዝንብ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስለሚበዛ፣ የመጪው ዓመት ክትባት ከዝናቡ በፊት መሰጠት አለበት። ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ በአገር ውስጥ ይመረታል።

ወደ ሥልጠናው ልመለስ። ጥቅምትን በሙሉ ፈረሱን በእርምጃ ብቻ፣ ዳገትና ቁልቁለት እያፈራረቁ ያሠሩት። በኅዳር ሶምሶማ፣ በኅዳር መጨረሻ ከሶምሶማ ፈጠን ያለውን ደንገላሳ፣ ሽምጥ ደግሞ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ያውም በሳምንት ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ። የፈረስ ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይበረታሉ፤ ጅማቱና አጥንቱ ግን ወራት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ትንፋሹ ስለ ጠና እግሩም የጠና አይምሰልዎ። በመንጋጋው ሥር ጣትዎን አሳርፈው የልቡን ምት ይቁጠሩ፤ ሲያርፍ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው። ከግልቢያ በኋላ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከ60 በታች ካልወረደ የዚያ ቀን ሥራ በዝቶበታል።

እርስዎም በዚያው ልክ። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ጎሐ ኮረብታን በእግሬ እወጣለሁ፤ ማታ ማታ ብድግ ቁጭ እሠራለሁ፤ በደረጃ ጠርዝ ላይ በእግሬ ጣቶች ቆሜ ተረከዜን ወደ ታች እለቃለሁ፤ እርካብ ላይ የሚያስፈልገው ይኸው ነውና። አባቶቻችን እርካቡን በባዶ እግራቸው አውራ ጣት ብቻ ይዘው ሽምጥ ይጋልቡ እንደ ነበር ስናስብ፣ ያ ቁርጭምጭሚት ምን ያህል የሠለጠነ እንደ ነበር ይገባናል። ጉግስ ለመግባት ካሰቡ ደግሞ ወገብዎ ላይ ይበርቱ፤ የሚሸሸው ፈረሰኛ በሙሉ ግልቢያ ላይ ሆኖ ተጠማዝዞ በጋሻው ጀርባውን መከላከል አለበት፤ ወገቡ ያልተፍታታ ሰው ሲዞር ልጓሙን ይጎትታል፣ የፈረሱንም አፍ ያደማል።

ጾሙን አይርሱት። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ዋናው የልምምድ ጊዜ በጾም ውስጥ ይውላል። በዚህ መንገድ መሠልጠን በጀመርሁበት ዓመት ማለዳ በባዶ ሆዴ እየጋለብሁ ሁለት ጊዜ ዓይኔ ጨልሞብኛል። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እፈታለሁ፤ ምስር ወይም ሽሮ በእንጀራ እበላለሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ወደ አዘዞ ሜዳ እወጣለሁ። ጥር 10 ገሃድ፣ የጥምቀት ዋዜማ ጾም ስለሆነ በዚያ ቀን እኔም ዳማውም እናርፋለን።

በዚህ መንገድ ሠርቼ በ2014 ዓ.ም. ሁለቱንም ቀናት ጋልቤ፣ ኮርቻውን ሳወርድ የዳማው ጀርባ ከዳር እስከ ዳር እኩል ላብ ያዘለ፣ እብጠት የሌለበት ነበር። በዚያ ቀን የተሰማኝን ደስታ የሕዝቡ እልልታ አልሰጠኝም። በዚያው ወር ጥር 23 ቀን እንጅባራ ወርጄ የአገው ፈረሰኞችን ተመለከትሁ፤ ማኅበራቸው ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው። ከእኔ በዕድሜ እጅግ የሚበልጡ አባቶች ኮርቻቸው ላይ ቀጥ ብለው ሲያልፉ አይቼ፣ ዕድሜዬን ሰበብ ማድረጌን ትቻለሁ።

ሦስተኛው ምክሬ ኮርቻውን ይመለከታል። ነገ ጠዋት ከመጫንዎ በፊት የፈረስዎን ጀርባ በመዳፍዎ ቀስ ብለው ይዳስሱት፤ ነጭ የጠጉር ነቁጥ ካገኙበት፣ ቀድሞ ኮርቻ የጎዳው ቦታ ሊሆን ስለሚችል ጫናው እዚያ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ። የሞተ ቆዳ ሲድን ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። በዳማው ላይ ሁለት አሉ፤ በጉብታው ግራና ቀኝ፤ ኮርቻ በጫንሁ ቁጥር መጀመሪያ የማያቸው እነርሱን ነው።