«ኮሶ ያለባት ነፍሰ ጡር ኮሶ አትጠጣ»

ጥያቄ፦ ለጤና ጣቢያ ግድግዳ «ኮሶ ያለባት ነፍሰ ጡር ኮሶ አትጠጣ» የሚል ማሳሰቢያ አዘጋጅተን ነበር። አንድ ባልደረባችን «ግራ ያጋባል» አሉ። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ የሰዋስው ግድፈት የለበትም፤ ባልደረባችሁ ግን እውነት አላቸው። አማርኛ ዛፉንም፣ ከአበባው የሚዘጋጀውን መድኃኒትም፣ አንጀት ውስጥ የሚኖረውን ትልም «ኮሶ» ይላል። በንግግር የሚለያቸው ግሡ ነው፦ «ኮሶ ተከለ» ሲባል ዛፉ፣ «ኮሶ ጠጣ» ሲባል መድኃኒቱ፣ «ኮሶ አለበት» ሲባል ትሉ ነው። ትሉና መድኃኒቱ በአንድ መስመር ሲገናኙ ቆሞ የማያነብ ሰው ይደናገራል። «የኮሶ ትል»፣ «የኮሶ አበባ» ብላችሁ ለዩዋቸው።

«የኮሶ መድኃኒት» ማለትም አይበቃም፤ ከኮሶ የተሠራም፣ ለኮሶ የሚታዘዝም ያሰኛል። ከፋርማሲ የሚገዛው ክኒን የኮሶ አበባ የለበትም፤ ስሙ ግን ያው ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ክኒኑ ይዋጣል። «የሴት ኮሶ»ንም ተዉት። ኮሶ ወንዴውና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ላይ ነው የሚያብበው፤ ለመድኃኒት የሚመረጠው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። «ሴቴ ኮሶ» ካልተባለ ለሴቶች የተዘጋጀ ይመስላል፤ ይህ ደግሞ አደገኛ ስሕተት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «አትጠጣ» ነው። «እሷ አትጠጣ»ም፣ «አንተ አትጠጣ»ም ይሆናል፤ አንባቢዋ ለእሷ መነገሩን ላታውቅ ትችላለች። ሴቲቱን ስታናግሩ «አትጠጪ»፣ በአክብሮት «አይጠጡ» በሉ።

«በልክ ይጠጡ» ወይም «አያብዙ» የሚል ቃል ፈጽሞ አታስገቡ። ኮሶ ብርቱ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው፤ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል፣ ሲበዛም ዓይንን ይጎዳል። አበባው ሲቆይ ኃይሉ ስለሚቀንስ የከረመው አንድ እፍኝና የዘንድሮው አንድ እፍኝ እኩል አይሠሩም። «በልክ» ካላችሁ ለነፍሰ ጡር የሚሆን ልክ እንዳለ አስመሰላችሁ።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የኮሶ ትል ቢኖርብዎትም የኮሶ አበባ አይጠጡ። ክኒንም ቢሆን ሐኪም ሳያዝልዎ አይዋጡ።»