መልስ፦ በህንድ የተሻረው ማግለሉ እንጂ ካስቱ አይደለም

«የህንድ ሕገ መንግሥት ካስትን ከሻረ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ታዲያ ለምን አልጠፋም?» ብለው ለጠየቁት፣ ስለ ካስት፣ ማለትም ሰው በትውልዱ ስለሚመደብበት የማኅበራዊ ደረጃ ሥርዓት፣ አስቀድሞ አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ከተገለሉት ወገን የተወለዱት ዶክተር አምቤድካር በመሩት ኮሚቴ ተረቅቆ እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 የከለከለው ሰውን «የማይነካ» ብሎ ማግለልን እንጂ ካስትን ራሱን አይደለም። መንግሥት ዛሬም የዜጎችን ካስት በምስክር ወረቀት ያረጋግጣል፤ ያለዚያ በማዕከላዊው መንግሥት ቅጥር ለዳሊት (ቀድሞ «የማይነኩ» ይባሉ ለነበሩት) ካስቶች 15፣ ለነባር ጎሳዎች 7.5፣ ለሌሎች ኋላ ቀር መደቦች 27 በመቶ የሚይዘውን ኮታ ማደል አይቻልም።

ለውጡ ግን ወጣ ገባ ነው። በሙምባይ ባቡር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ የሚሄድ ሰው የጎኑን ተሳፋሪ ካስት አይጠይቅም፤ ቢጠይቅስ መቼ ይደርሳል? ያው ሰው ቤት ሊከራይ ሲሄድ ግን ካስቱን የሚጠቁመው የቤተሰብ ስሙ ይቀድመዋል፤ ሥጋ ይበላ እንደሆነም ሊጠየቅ ይችላል፣ ጥያቄው ስለ ወጥ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ አመጋገብም ካስትን ይጠቁማል። ሥራና ከተማ ያላሉትን የካስት ትስስር በየትውልዱ መልሶ የሚያጠብቀው፣ በእኔ ግምት፣ ጋብቻ ነው፤ የእሑድ ጋዜጦች በካስት እየለዩ ሲያትሙት የኖሩት የትዳር ማስታወቂያ ዛሬ ወደ ስልክ መተግበሪያ ተሻግሮ፣ ካስት ከዕድሜና ከቁመት ጎን የሚመረጥ መስፈርት ሆኗል።