ልጄን ምን ብለው ይጠሩታል?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት የመንጋጋ ጥርሷን ልታስሞላ መጣች። ሥራውን ጨርሼ ጓንቴን ሳወልቅ፣ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለችኝ። «የ12ኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝም። ቤተሰቦቼ ቴክኒክና ሙያ ግቢ እያሉኝ ነው። እዚያ ከገባሁ በዚያው ቀረሁ ማለት ነው?»

ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው ስለነበር አጭር መልስ ሰጠኋት። ረጅሙን እዚህ ልጻፈው። በ2014 ዓ.ም ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ምም አልተሻለም። ጥያቄው የአንዲት ልጅ ብቻ አይደለም።

የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ልደታ ስትሄዱ ተግባረ ዕድን ታገኛላችሁ። ከጣሊያን ወረራ ማግስት የተከፈተ የሙያ ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። የባቡሩ ፌርማታ እንኳ በስሙ ነው የሚጠራው። ብዙ ሰው ፌርማታውን እንጂ ግቢውን አያውቀውም። እኔ ግን የሙያዬን ግማሽ የተማርኩት እዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሶቪየት ኅብረት ተምሬ ስመለስ ጥርስ መንቀልና መሙላት አውቅ ነበር። ስለ ማሽኑ ያስተማረኝ ሰው የለም። የምንሰረስርባት መሣሪያ ተርባይኗ በደቂቃ ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ትዞራለች። የሚያዞራት የታመቀ አየር ነው። አየሩ የሚመጣው ከኮምፕረሰር ነው። ኮምፕረሰሩ ከቆመ ጥርሱን ይዞ የመጣውን ሰው «ሌላ ቀን ና» ከማለት ሌላ ምርጫ የለም። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ደግሞ ወራት ይፈጃል።

አንድ ቀን ኮምፕረሰሩ ቀጥ አለ። ጎረቤቴ የነበረ ባለጋራዥ «ተግባረ ዕድ ውሰደው» አለኝ። በላዳ ጭኜ ወሰድኩት።

የብረታ ብረት ክፍሉ አስተማሪ ሁሉም ሰው «ጋሼ» የሚላቸው ሰው ነበሩ። ኮምፕረሰሩን ተማሪዎቻቸውን አቁመው ፈቱት። እየፈቱ፣ «የሥራ ዕቃህን በምንድን ነው የምታጸዳው?» አሉኝ። በአውቶክሌቭ፣ በታመቀ እንፋሎት ጀርም በሚገድለው ማሽን፣ አልኳቸው። «አዲስ አበባ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» መልሴን አልጠበቁም። ውሃ አስጣዱና ቴርሞሜትር ከተቱበት። ውሃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ቆመ። ወደ ላይ ንቅንቅ አላለም።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ስለዚህ ውሃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። አውቶክሌቩም ከዚህ አያመልጥም። ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ መመሪያ «ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ 121 ዲግሪ ደርሷል» ይላል፤ ፒኤስአይ የግፊት መስፈሪያ ነው። እዚህ እኛ ጋ ጌጁ 15 ሲያሳይ ሙቀቱ ገና 117 ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ ከ18 ማለፍ አለበት። አራት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ጀርም ለመግደል ግን ትንሽ አይደለም። ይህን የነገረኝ የሕክምና ፕሮፌሰር አይደለም፤ የብረት አስተማሪ ነው። እስከ ዛሬ ክሊኒኬ ውስጥ የሚታመነው ቴርሞሜትሩ ነው።

ኮምፕረሰሩ ተሠርቶ ተመለሰ። እኔም ከዚያ ወዲህ ከግቢው አልጠፋሁም። እነሱ ማሽኔን ያያሉ፣ እኔ የተማሪዎቹን ጥርስ አያለሁ። ከወንጂ፣ ከመቂና ከዝዋይ የመጡ ልጆች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ ነበር። ጥርሳቸው ቡናማ ነው። ጓደኞቻቸው «አይፍቅም» ይሏቸዋል። ይህ ከመፋቂያ ጋር አይገናኝም። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉድጓድ አለ። ጥርሱ የሚጎዳው ገና ድድ ውስጥ ሳለ፣ በሕፃንነት ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም። ይህን በክፍል ጓደኞቻቸው ፊት ደጋግሜ እናገር ነበር። አሁንም የምታነቡኝ ካላችሁ፣ በሰው ጥርስ አትሳቁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከጋሼ ተማሪዎች አንዱ ክሊኒኬ መመላለስ ጀመረ። ዝምተኛ ልጅ ነበር። ሥራ ላይ ሆኜ በሩ ጋ ቆሞ የተርባይኗን ድምፅ ያዳምጣል። ታካሚው ከወጣ በኋላ «ዶክተር፣ ኩሽኔታዋ ልትሄድ ነው» ይለኛል። እውነትም ብዙ ሳትቆይ ትሄዳለች። ወርዷ ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። በወረንጦ አውጥቶ በሌላ ይቀይራታል፤ እጁ አይንቀጠቀጥም። ወሬው ተሰማ። ከፒያሳም ከሰንጋ ተራም ይጠሩት ጀመር።

አንድ ቀን እናቱ መጡ። ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ የታካሚ ወንበር ላይ አልቀመጥም ብለው ቆሙ። «ዶክተር፣ ልጄን ይልቀቁልኝ» አሉ። አጎቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሥራ አግኝቶለታል። ልጁ ግን አልሄድም ብሏል። የልጁ እጅ እንዴት ያለ እጅ እንደሆነ ነገርኳቸው። ነገ የራሱን ሱቅ ይከፍታል፣ ከደመወዝተኛ የተሻለ ያገኛል አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ፣

«እርስዎን ዶክተር ብለው ይጠሩዎታል። ልጄን ምን ብለው ይጠሩታል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እናትየው የተናገሩት የሰፈሩን አፍ ነው። በዚህ አገር ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪው ፋቂ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከሰፈር አልወጣም።

ልጁ ለእናቱ ሲል ሄደ። ኮት ለብሶ ሊሰናበተኝ መጣ። ወረንጦዎቹን ትቶልኝ ወጣ። መዝገብ ቤት መሥራት ነውር የለበትም፤ እናቱንም ጦሯል። የሚያንገበግበኝ ያ ጆሮና ያ እጅ ለሌላ ሳይተላለፉ መቅረታቸው ነው። ጥቂት ልጆች አሠልጥኖ ቢሆን ኖሮ፣ በየጤና ተቋሙ መጋዘን አቧራ የሚጠጣው ዕቃ ስንቱ ይነሣ ነበር! ይህን ሳስብ ዛሬም እናደዳለሁ።

እናንተ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች፣ «ጠንክራችሁ ተማሩ» አልላችሁም፤ ይህን የማያውቅ የለም። የምለው፣ ማሽን ስትፈቱ ለምን እንደሚሠራ ጠይቁ ነው። የዛሬ ልጆች እጃችሁ ፈጣን ነው። ዩቲዩብ አይታችሁ ትፈታላችሁ። መልሳችሁ ስትገጥሙ ብሎን ይተርፋችኋል። ትዕግሥት አጥታችኋል። ስልኩን ለአንድ ሰዓት ማስቀመጥ እንኳ ይከብዳችኋል። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ እኛ አስተማሪ ፊት የማንደፍረውን ጥያቄ እናንተ ትጠይቃላችሁ። ይህን እወድላችኋለሁ።

ዲግሪ ሁሉም ነገር አይደለም። ይህን ስል የራሴ ልጆች ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሁለቱም ውስጤ አሉ፤ አንዱን ልደብቅ አልችልም። ስለዚህ በሙያ ሥልጠናው ደረጃ 3 ላይ ሲኦሲ (የብቃት ምዘናውን) አልፋችሁ «በቃኝ» አትበሉ። ከዚያ በላይም ደረጃ አለ፤ ወደ ዲግሪ የሚያሻግር መንገድም አለ። ብቻ እጃችሁ መጀመሪያ ይወቅ።

የትብብር ሥልጠና፣ ማለትም ድርጅት ውስጥ እየሠሩ የመማር፣ ደብዳቤ ይዛችሁ ከድርጅት ድርጅት ስትንከራተቱ አያለሁ። ሁሉም ጋራዥና ወርክሾፕ ነው የሚሄደው። የጥርስ ክሊኒኮችን አንኳኩ። ኮምፕረሰር አለ፣ የውሃ መስመር አለ፣ የኤሌክትሪክ ቦርድ አለ፣ ከፍና ዝቅ የሚል ወንበር አለ፤ ለኤሌክትሪክም ለብረታ ብረትም ተማሪ ሥራ አይጠፋም። እኔ እቀበላለሁ። የሙያ አጋሮቼም ተቀበሏቸው፤ ስትቀበሉም የምሳና የትራንስፖርት ገንዘባቸውን አስቡላቸው። ብዙዎቹ ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው የሚመጡት።