ታንኳ ላይ የተነሣሁት ፎቶ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ በመድረክ ቴአትርና በቴሌቪዥን ድራማ 23 ዓመት የሠራሁ ተዋናይት ነኝ። ባለፈው ጥቅምት ጣና ሐይቅን የወረረውን እምቦጭ የተባለ አረም ለመንቀል ከተሰባሰቡ ሰዎች ጋር በወረታ በኩል ወደ ፎገራ ዳርቻ ወርጄ ነበር። አዲስ የጎማ ቦቲ ተጫምቼ፣ ታንኳ ላይ ተቀምጬ፣ ሥሩ እንደ ጥቁር ጸጉር የተንዠረገገ አንድ እቅፍ አረም ይዤ ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶው ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ፤ እኔም ተመሰገንሁ። ወደ መኪናው ስንመለስ ግን እስከ ጭናቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ሲነቅሉ የዋሉ አንዲት እናት ክንዳቸውን እያከኩ፣ «እቴ፣ አንቺ ፎቶሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ እኛ እከኩን ይዘን እንቀራለን» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህ ሳያንስ፣ ከከተማው የሚወጣው ፍሳሽ ሐይቁን እየጎዳው መሆኑን በአንድ ቃለ ምልልስ በመናገሬ፣ ማስታወቂያ ልሠራለት የተስማማሁት ድርጅት «ለጊዜው ይቆይ» ብሎ ስልኬን ማንሣት ተወ። ባለቤቴ «አርፈሽ ትወናሽን ሥሪ» ይለኛል፤ ልጄ ደግሞ ዝም ካልሁ እንደምታፍርብኝ ነግራኛለች። ምን ይመክሩኛል?

ተዋናይቷ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦

ውድ እኅቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ በፎቶ ምክንያት ከእርስዎ እጅግ የከበደ ዋጋ የከፈለች አንዲት አንጋፋ ተዋናይት ትዝ አለችኝ። አሜሪካዊቷ ጄን ፎንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 የመጀመሪያውን የኦስካር ሽልማቷን በተቀበለች በሦስት ወር ውስጥ፣ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ወደ ሐኖይ ተጓዘች። እዚያም አሜሪካ ትዋጋት በነበረችው በሰሜን ቬትናም የፀረ አውሮፕላን መድፍ ላይ ተቀምጣ ፎቶ ተነሣች። ጦርነቱን የተቃወሙ አሜሪካውያን እልፍ ነበሩ፤ «ሐኖይ ጄን» የሚል ቅጽል ተለጥፎባት እስከ እርጅናዋ የተከተላት ግን እሷን ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በቴሌቪዥን ቀርባ የጎዳቻቸውን ወታደሮች ይቅርታ ጠየቀች። ልብ ይበሉ፣ ይቅርታ የጠየቀችው ጦርነቱን በመቃወሟ አልነበረም። ያጠፋት ዓላማው ሳይሆን፣ በሰዎች ቁስል ላይ የተቀመጠችበት ያ ፎቶ ነበር።

የእርስዎ ጥፋት ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ዓይነቱ ግን ይመሳሰላል። ስለዚህ ለእኚያ እናት ይቅርታ ይገባቸዋል ባይ ነኝ።

ባለቤትዎ «ትወናሽን ሥሪ» ማለታቸው ግን እሳቸው ካሰቡት በላይ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ፎንዳ ብዙ ነገር ያንቀሳቀሰችው በሙያዋ በኩል ነው። የቢሮ ጸሐፊዎች ስለ ዝቅተኛ ደመወዝና ስለ አለቆቻቸው በደል መደራጀት ሲጀምሩ ቀርባ ታሪካቸውን አዳመጠች፤ ከሰማችውም ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ አስቂኝ ፊልም አሠራች፣ ራሷም ተወነችበት። ፊልሙ ከዓመቱ ከፍተኛ ገቢ ካስገኙት አንዱ ሆነ፤ በስብሰባ አዳራሽ የማይደመጠው የጸሐፊዎቹ እሮሮ ሲኒማ ቤት ሕዝብ ከፍሎ የሚያየው ሆነ። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቸበቸበው የአካል እንቅስቃሴ ቪዲዮዋም ከባለቤቷ ጋር ለመሠረተችው የፖለቲካ እንቅስቃሴ የገንዘብ ምንጭ ነበር፤ ቪዲዮውን እያዩ ወገባቸውን ሲያሟሙቁ ከነበሩት ስንቶቹ ይህን ያውቁ እንደነበር እንጃ።

ደግሞም ዕድሜ አላስቆማትም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዋሽንግተን ከትማ፣ የአየር ንብረት ለውጥን በመቃወም በየዓርቡ ሰልፍ ስትወጣ አምስት ጊዜ ታስራለች፤ ያኔ 82 ዓመት ልትደፍን ጥቂት ነበር የቀራት። ከሰልፉ በፊት ባለው ምሽት ባለሙያዎችን ጋብዛ ጉዳዩን ታስተምር ነበር፤ እኔ ከእስሩ ይልቅ የማደንቀው ይህንን ነው።

ወደ ጣና ልመለስ። እምቦጭ በሐይቃችን ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም የሚፋፋው በውኃው ውስጥ በሚያገኘው ምግብ ሲሆን፣ ምግቡም ጉማራ፣ ርብና መገጭ የተባሉት ወንዞች ከየማሳው አጥበው በሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ፣ እንዲሁም እርስዎ በጠቀሱት የከተማ ፍሳሽ ይመጣል። ስለዚህ ስለ ፍሳሹ መናገርዎ ስሕተት የለበትም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የተናገሩት። ዘሩም በደለሉ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ የአንድ ቀን ዘመቻ ካሜራ ይጠግብ እንደሆነ እንጂ ሐይቁን አያጸዳም። አረሙ ዓሣ አስጋሪውን መረብ ከመጣል፣ ከብቶችን ውኃ ከመጠጣት ምን ያህል እንዳገደ የሚያውቁት ደግሞ እኚያ እናትና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ለድራማ የሚሆን ታሪክ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም።

ስለ ማስታወቂያው፣ የተፈረመ ውል ካለ ይዘውት ወደ ጠበቃ ይሂዱ፤ በቃል ብቻ ከነበረ ግን ስልክ መደወሉን ያቁሙ። ልጅዎንም ወደ ዳርቻው ሲመለሱ ይዘዋት ይሂዱ። ካሜራውን ቤት ይተዉት፤ እስከ ብብት የሚደርስ የጎማ ጓንት ግን ለራስዎ አንድ፣ ለእኚያ እናት አንድ፣ ከተረፈም ለጎረቤቶቻቸው ይያዙ።