ፋኑን ከማስቀየርህ በፊት ታች አፉን እይ

ጥያቄው የመጣው ባሕር ዳር ላይ ቫኪዩም ስዊፐር ከሚነዳ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ የመንገድ መጥረጊያው ቅጠሉንና ፌስታሉን ጥርግ አርጎ ይወስዳል፣ አሸዋና ጠጠሩ ግን ከከርብስቶኑ ስር መስመር ሰርቶ ይቀራል፣ አርፒኤም ብጨምርም ለውጥ የለም፣ ጋራዥ ደግሞ ፋኑ አልቋል ይቀየር አሉኝ" ይላል።

ወንድሜ፣ አየሩን የሚስበውን ፋን ለጊዜው ተወው። ቀላሉን እያነሳ ከባዱን የሚተው ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ ታች ነው፣ አስፋልቱ ላይ የሚሄደው መምጠጫው አፍ ጋ። ጠጠሩን የሚያነሳው በአፉና በአስፋልቱ መሀል ባለችው ክፍተት እየሮጠ የሚገባው አየር ነው። አባይ ሜዳ ላይ ተኝቶ ነው የሚሄደው፣ ጢስ አባይ ጋ ያለው አላታ ድልድይ ስር ጠቦ ሲገባ ግን የሚያረገውን ታውቃለህ፣ አየሩም ያው ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ አየሩ ይዘገይና ለቅጠል ይበቃል ለአሸዋ አይበቃም። ጭራሽ ከዘጋኸው ደግሞ የሚሮጥ አየር አይኖርም፣ ብዙ ሹፌር በደንብ ይሳብልኝ ብሎ አፉን መሬት ላይ ያጣብቀውና ሃይላንዱን ምናምኑን ከፊቱ እየገፋ ሲዞር ይውላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ልካው። ሆፐሩን፣ ቆሻሻው የሚጠራቀምበትን ሳጥን፣ ባዶ አርገው፣ የግራና የቀኝ ጎማ ንፋስ እኩል ይሁን፣ ሜዳ የሆነ ኮንክሪት ላይ አቁመህ አፉን አውርድና ሞተር አጥፋ፣ ቁልፉም ኪስህ ይግባ። ከዛ አራቱንም ማዕዘን በሜትር ለካ። ከኋላና ከጎን ያለው ላስቲክ መሬቱን ልስ የሚያረግ ያህል ብቻ፣ የፊቱ ደግሞ ቆሻሻው የሚገባበት ስለሆነ ከፍ ያለ መሆን አለበት፣ ስንት ሚሊ የሚለውን ከማኑዋሉ ውሰድ፣ ከማሽን ማሽን ይለያያል። አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ካለ ላስቲኩን ለማስተካከል አትቸኩል፣ አፉን የተሸከሙትን ትናንሽ ጎማዎች ወይ የሚንሸራተትበትን ብረት እይ፣ ጥፋቱ ያለው እዛ ነው። ብረቱ ሲበላ የአፉ ክብደት ላስቲኩ ላይ ያርፋል፣ አዲስ ላስቲክ ብታስገባም ወዲያው ይጨርሰዋል፣ ሰው ደግሞ ላስቲኩ ፎርጅድ ነው ይላል። ብረቱን ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ቀይር፣ አንዱን ብቻ ከቀየርክ አፉ ይጋደላል።

ላስቲክ በካላማዳሪ የሚተኩ አሉ፣ አይሆንም፣ ልል ስለሆነ አየሩ ወደ ውስጥ ይስበዋል ከዛ ክፍተቱ እንዳሻው ይሆናል። ኦሪጅናሉ ከጠፋ የጠጠር መፍጫ ቤልት ቁራጭ ፈልግ፣ ውስጡ ጨርቅ ያለበት፣ እሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ቀጥሎ ከላይ የሚያፈስ አየር። የሆፐሩ በር ጋስኬት ላይ ጭቃ ከደረቀ በሩ የተዘጋ ይመስላል ግን አልተዘጋም። ሞተሩ በሚኒሞ ፋኑ እየዞረ፣ ከውጭ ቆመህ ቀጭን የፌስታል ቁራጭ በበሩ ዙሪያ አስጠጋ፣ ወደ ውስጥ የሚጎትትበት ቦታ ካለ እዛ ነው። ሞተር እየሰራ ሆፐር ውስጥ የሚገባ ሰው እንዳይኖር ደግሞ፣ ሆፐሩን ካነሳህም የመደገፊያውን ብረት ሳትቆልፍ ስሩ አትግባ፣ ሃይድሮሊክ አይታመንም። የመምጠጫ ቱቦውን ክርኑ ጋ ከውጪኛው ጎን ዳብሰው፣ ጠጠሩ የሚመታው እሱን ነው፣ ገና ሳይበሳ ሩብ ዙር እያዞርክ ብታስረው ዕድሜው ይረዝማል። አየር ማፍሰሱ እኛ ጋ ይበልጥ ይታወቃል፣ ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው፣ ማሽኑ ትርፍ ጉልበት የለውም።

ሆፐሩ ውስጥ ያለውን ወንፊትም እይ። የጫት ገረባና ፌስታል ተለጥፎበት ከሆነ ምንም ብታስተካክል ዋጋ የለውም፣ በየቀኑ ሲደፋ ይታጠብ። አቧራ ለማብረድ የሚረጨውን ውሃ ከጣና በቀጥታ የምትሞላ ከሆነ ደለሉ የፓምፑን ፊልትሮና ኖዝሎቹን ይደፍናል፣ በጨርቅ አጥልለህ ሙላ። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውሃውን ቀንስ፣ ካልሆነ ቱቦው ግድግዳ ላይ ይጋገራል።

ከከርብስቶኑ ስር የሚቀረው መስመር ግን የጎን ብሩሹም እጅ አለበት። ብሩሹ ከፊትና ከከርብስቶኑ በኩል ብቻ ነው መንካት ያለበት፣ ከኋላ ትንሽ ብድግ ይበል፣ ዙሪያውን ከነካ ያመጣውን መልሶ ይበትነዋል። አቧራ ላይ አውርደህ ሳትነዳ ትንሽ አዙረውና አንሳው፣ የተጠረገው ቅርፅ ሙሉ ክብ ከሆነ ዘንበል ማለት ይጎድለዋል። በጣም አትጫነው፣ ሽቦው ሲተኛ ጫፉ አይጠርግም። አሸዋ የበዛበት ቦታ ደግሞ በእግር ጉዞ ፍጥነት ሂድ፣ ባጃጁ ከኋላ ጡሩምባ ይንፋ ምን ታረገዋለህ።

ይሄን ሁሉ ጨርሰህ አሸዋው አሁንም ከቀረ ፋኑን የሚያዞረውን ቺንጋ እይ፣ መስታወት መስሎ ካብረቀረቀ ይንሸራተታል ማለት ነው፣ አርፒኤም ስትጨምር ለውጥ የሌለውም ለዛ ሊሆን ይችላል። ቺንጋው ደህና ከሆነ ያኔ ፋኑን አስፈታ፣ የምላሶቹ (የፋኑ ክንፎች) ጫፍ ሳስቶ ከሆነ ጋራዦቹ ልክ ናቸው። አንዱን ምላስ በብየዳ ሞልተን እንመልሰው ካሉህ ግን እንዳትስማማ፣ ባላንስ ሳይደረግ ከዞረ ኩሽኔታውን ይጨርሳል፣ ከተበጠሰም ሰው ይጎዳል።