ለአራት ቀን የሰሜን ተራሮች ጉዞ ስንት ኪሎ ልሸከም?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ ክብደቴ 58 ኪሎ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ለአራት ቀን ሰሜን ተራሮች ልንሄድ ነው። ከሳንቃ በር ተነስተን በግጭ አድርገን ጨነቅ እንገባለን። ጓደኞቼ «በቅሎ አንከራይም፣ ሁሉም የራሱን ይሸከም» ብለዋል። ቦርሳዬን ሞልቼ ብመዝነው 17 ኪሎ ሆነ። አልፎ አልፎ ወገቤን ያመኛል። ይከብደኝ ይሆን?

መልስ፦ አዎ፣ ይከብድዎታል። ግን ከመነሳትዎ በፊት መመዘንዎ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የቦርሳው ክብደት የሚገባው ዳገቱ መሃል ላይ ነው።

የተለመደው ልክ እንዲህ ነው። ድንኳንና ስንቅ ይዘው ለቀናት ሲጓዙ ሸክሙ ከሰውነትዎ ክብደት 20 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ለደርሶ መልስ ጉዞ ደግሞ 10 በመቶ። የእርስዎ 20 በመቶ 11 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። 17 ኪሎ ግን ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። የለመደ ሰው ከዚህም በላይ ይሸከማል፤ እርስዎ ግን የሚያምዎት ወገብ አለዎት።

ከባድ ቦርሳ ወደ ኋላ ይጎትታል። ላለመውደቅ ወደ ፊት ያጎነብሳሉ፤ የወገብ ጡንቻም ቀኑን ሙሉ እንደተወጠረ ይውላል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ተራው የጉልበት ነው። ከፍታውንም አይርሱት። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ገደማ ነው፤ ግጭ 3,600 ይደርሳል። እዚያ አየሩ ስስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀላል የመሰለዎት ቦርሳ እዚያ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ስለዚህ ለእርስዎ የምፈቅደው 8 ኪሎ ነው። ሁለት ሊትር ውሃ ብቻውን ሁለት ኪሎ ነው፤ እሱን አይቀንሱ። የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ ባትሪ፣ መድኃኒት፣ በሶና ቆሎ ይጨምሩ። ድንኳኑ፣ ስሊፒንግ ባጉና የማብሰያ ዕቃው በበቅሎ ይሂድ። ደባርቅ ላይ በቅሎ ከነባለቤቱ ይከራያል። ጓደኞችዎ ካልተስማሙ ይህን መልስ ያስነብቧቸው። በቅሎ መከራየት ስንፍና አይደለም። የአካባቢው ሰው ራሱ ለዚያ ዳገት በቅሎ ይጭናል እኮ!

ሌላው ትልቅ ነገር አነጋገቱ ነው። የወገብ ቀበቶ ያለው ቦርሳ ይፈልጉ፤ ከሌለዎት ይዋሱ። ቀበቶው ሆድ ላይ ሳይሆን የዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ። መጀመሪያ እሱን ጠበቅ ያድርጉ፣ ከዚያ የትከሻውን። አብዛኛውን ክብደት መሸከም ያለበት ዳሌ ነው። ከባዱን ዕቃ ከጀርባዎ አስጠግተው መሃል ላይ ይክተቱ።

አንድ ወጣት ቀበቶ የሌለው ቦርሳ ለቀናት ተሸክሞ «እጄ ደነዘዘ» ብሎ መጥቶ ነበር። በሁለት እጁ ግድግዳውን ግፋ አልኩት። ሲገፋ የቀኝ ትከሻው አጥንት ከጀርባው ተነጥሎ እንደ ክንፍ ብድግ አለ። ማንገቻው ነርቩን ተጭኖት ነው። እስኪድን ወራት ፈጀበት። መንገድ ላይ እጅዎን ውርር ካደረገዎት «ትንሽ ልቻለው» አይበሉ። ወዲያው ያውርዱት።

እስከ ጉዞው ሦስት አራት ሳምንት ካለዎት በአራት ኪሎ ይጀምሩ። ደረጃ ወይም ዳገት ይውጡ፤ ከሳምንት ሳምንት አንድ ኪሎ ይጨምሩ። ወገብዎ በስድስት ኪሎ ካመመዎት እዚያው ላይ ይቁሙ፤ ልክዎ እሱ ነው። ዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ውጠው ግን እንዳይሸከሙ አደራ! ሕመሙ ይደበቃል እንጂ ጉዳቱ አይቀርም።

ሕመሙ ከወገብዎ ወደ እግርዎ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም እግርዎ የሚደነዝዝ ወይም የሚዝል ከሆነ፣ ሳይታዩ አይሂዱ። ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረዎት ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ግጭ ላይ ራስዎን ካመመዎትና ካቅለሸለሸዎት ከዚያ በላይ አይውጡ፤ እዚያው ይረፉ። ከባሰብዎት፣ ሲራመዱ ከተንገዳገዱ ወይም አርፈውም ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ሌሊትም ቢሆን ሰው ይዘው ይውረዱ። ቦርሳውን ሌላ ሰው ይያዝልዎት።