200 ኪሎ ሜትር በአውሮፕላን ስንት ደቂቃ ነው?

ጥያቄ፦ ራቅ ባሉ ሁለት አነስተኛ ኤርፖርቶች መካከል ያለውን ርቀት ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ 200 ኪሎ ሜትር፣ በረራው 15 ደቂቃ ይለኛል። ቲኬቱ ላይ ግን 45 ደቂቃ ተጽፏል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ርቀቱን ከኢንተርኔቱ፣ ሰዓቱን ከቲኬቱ ይውሰዱ። 15 ደቂቃ የመጣው ርቀቱ በትልቅ ጄት ፍጥነት፣ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር፣ ስለተሰላ ነው። ትንንሽ ኤርፖርቶች ላይ የሚያርፉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ ፕሮፔለር ናቸው። ኤቲአር 72 በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሴስና ካራቫን ደግሞ 340 ገደማ ይበራል። ያውም ከፍታውን ከያዙ በኋላ ነው። በ200 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ አውሮፕላኑ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ መውረድ ስለሚጀምር በሙሉ ፍጥነት የሚጓዘው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

የቲኬቱ ሰዓት ደግሞ አውሮፕላኑ ከማቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት ጀምሮ መድረሻው ላይ ቦታውን ይዞ እስኪቆም ያለው ነው። በብዙ ትንንሽ ኤርፖርቶች ከመንደርደሪያው ጎን ለጎን የሚሄድ መንገድ የለም፤ አውሮፕላኑ በዚያው በመንደርደሪያው ላይ እስከ ጫፉ ሄዶ፣ ዞሮ ይነሳል። የሚነሳው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ስለሆነም መድረሻው ከኋላው ከቀረ አየር ላይ መዞር አለበት። ለኤቲአር ርቀቱን ለ500 ሲያካፍሉ 24 ደቂቃ ይመጣል፤ 20 ደቂቃ ይጨምሩበት። ቲኬቱ አልዋሸም።

ጥያቄ፦ ርቀቱን ራሴ ማስላት እችላለሁ?

መልስ፦ ለጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች የሁለቱ ኤርፖርቶች ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ወረቀትና ካልኩሌተር ይበቃል። የኬክሮስ 1 ደቂቃ (የሰዓት ሳይሆን የዲግሪ 1/60ኛ፣ ምልክቱ ′) 1 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። የኬንትሮስ መስመሮች ግን ወደ ዋልታ እየተጠጉ ስለሚሄዱ ልዩነታቸው በአማካዩ ኬክሮስ ኮሳይን ይባዛል። ለምሳሌ የኬክሮሱ ልዩነት 1°30′ ከሆነ 90 ኖቲካል ማይል ነው። የኬንትሮሱ ልዩነት 2°፣ አማካይ ኬክሮሱ 60° ቢሆን፣ 120 በ0.5 ተባዝቶ 60 ይሆናል። 90ንና 60ን እያንዳንዱን በራሱ አባዝተው ይደምሩ፤ የድምሩ ስኩዌር ሩት 108 ኖቲካል ማይል፣ 200 ኪሎ ሜትር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሂሳቡን ሳይጀምር ነው። 10°30′ ማለት 10.5 እንጂ 10.30 አይደለም። ይህቺ የ0.2 ዲግሪ ስህተት በኬክሮስ 22 ኪሎ ሜትር ታሳስታለች። ኤርፖርቱንም በከተማው ስም ሳይሆን በሦስት ፊደል ኮዱ ይፈልጉት፤ ሲድኒ አውስትራሊያም ካናዳም አለች።

ጥያቄ፦ ነፋስ ሲሄዱ ቢያዘገይ ሲመለሱ ያካክሰው የለም?

መልስ፦ አያካክስም። በ300 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 300 የሚበር አውሮፕላን 60 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊቱ ሲመጣበት 75 ደቂቃ፣ ከኋላው ሲገፋው 50 ደቂቃ ይፈጃል። ድምሩ 125 ነው፤ ነፋስ ባይኖር 120 ነበር። በቀስታ የሚበረው ብዙ ሰዓት ነፋሱ ውስጥ ስለሚቆይ ጉዳቱ በትንሹ አውሮፕላን ይብሳል።

ጥያቄ፦ ቀጥታ በረራ ባይኖርስ?

መልስ፦ የቀጥታው ርቀት አይጠቅምዎትም። ወደ ዋናው ኤርፖርት የሚወስደውንና ከዚያ ወደ መድረሻዎ የሚያደርሰውን በረራ ከነመጠበቂያው ይደምሩ። ቲኬት ላይ መነሻውም መድረሻውም በየአካባቢያቸው ሰዓት እንደሚጻፉ አይርሱ። መድረሻው የመንደርደሪያ መብራት ከሌለው ደግሞ ሳይመሽ ማረፍ ግድ ነው፤ የመጀመሪያው በረራ ከዘገየ ሁለተኛው ለነገ ያድራል። ስለዚህ የጠዋቱን ይያዙ።